ስቴንቶሪያን፦ የሃምሳ ሰው ድምፅ

እንግሊዝኛ በምናነብበት ጊዜ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመን፣ መዝገበ ቃላቱም «እጅግ ከፍተኛ ድምፅ ያለው» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈው ቃል አለ፤ እርሱም «ስቴንቶሪያን» ነው። ሲነበብ «ቶ» የሚለው ላይ ጠንከር ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትርጉሙን መንገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከሰው ስም የወጣ ነው፤ ሰውየውም ሥራ ነበረው፤ ሥራውንም አባቶቻችን በደንብ ያውቁታል። አዋጅ ነጋሪ ነበር።

ስሙ የሚገኘው በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ስም በሚታወቀው በ«ኢሊያድ» ውስጥ ነው። ይህ ረጅም የጦርነት ግጥም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደ ተደረሰ ይገመታል፤ ዛሬ የሚነበበውም በ24 ክፍሎች ተከፍሎ ነው። (አማልክት ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዱ የሚለው ወሬ የሚገኘውም በዚሁ መጽሐፍ በ1ኛው ክፍል ነው። ሆኖም ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት በምድር ዳርቻ ይኖራሉ ያሏቸውን ጥቁር ሕዝቦች በጠቅላላው ስለ ነበረ፣ ብዙ ባንኩራራበት ይሻላል።)

በ5ኛው ክፍል ግሪኮች ከትሮይ ከተማ ፊት ለፊት ሲዋጉ ማፈግፈግ ይጀምራሉ፤ የጦርነት አምላክ የሚባለው አሬስ ከጠላት ወገን ተሰልፏልና። በዚህ ጊዜ የዜውስ ሚስት ሄራ ከላይ ወርዳ በጀግኖቹ መካከል ትቆምና ትጮህባቸዋለች። የምትጮኸው ግን በራሷ መልክ አይደለም፤ የስቴንቶርን መልክ ይዛ ነው። ገጣሚው ስቴንቶርን ሲያስተዋውቀው ድምፁ እንደ ነሐስ የሆነ፣ ሲጮህም የሃምሳ ሰው ያህል የሚሰማ ይለዋል። እኛም ያማረ ድምፅ ያለውን ሰው «ድምፀ መረዋ» የምንለው መረዋው ደወል ስለ ሆነ ነው፤ ድምፅን በብረት መመሰል ከአንድ አገር በላይ የታሰበ ነገር ነው። የጩኸቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ሄራ እንዲያፍሩ ትነግራቸዋለች፤ አኪሌስ ይዋጋ በነበረ ጊዜ ጠላት ከበሩ ብቅ እንደማይል፣ አሁን ግን እስከ መርከቦቻቸው ድረስ እንደ መጣ ትወቅሳቸዋለች። ሠራዊቱም ይበረታል።

በመላው ኢሊያድ ስለ ስቴንቶር የተነገረው ይኸው ብቻ ነው። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ በዚያች ቦታም ቢሆን የጮኸው እርሱ አይደለም። መልኩንና ድምፁን ሄራ ተዋሰችው እንጂ ሰውየው አፉን ስለ መክፈቱ የተጻፈ ነገር የለም። ለኃይለኛ ድምፅ ስሙን ያወረሰው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ከራሱ የሚናገረው አንዲት ቃል የለውም። ከሆሜር ብዙ ዘመን በኋላ የተጻፉ ማብራሪያዎች ይህ ያነሰባቸው ይመስላል፤ የአማልክት መልእክተኛ ከሆነው ከሄርሜስ ጋር በጩኸት ተወዳድሮ ተሸነፈና ሞተ የሚል ታሪክ ጨምረውለታል። ስሙን በተመለከተ የቃላት ምንጭ የሚመረምሩ ሊቃውንት «ማቃሰት፣ መቃተት» ከሚለው የግሪክ ግስ ጋር ያዛምዱታል፤ እንግሊዞች ነጎድጓድን የሚጠሩበት ቃልም ከዚያው ሥር እንደ ተገኘ ይናገራሉ። እንግዲህ ማቃሰትና ነጎድጓድ በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

ሃምሳ ሰው ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ክፍል ጥቂት ዝቅ ብሎ አሬስ በጦር ሲቆስል የጮኸው ጩኸት እንደ ዘጠኝ ወይም እንደ አሥር ሺህ ተዋጊ ነበር ይላል። ሃምሳው የሰው ልክ ነው፤ አሥር ሺሁ የአማልክት።

ይህን በዛሬው እውቀት መመርመር ይቻላል። የድምፅ ኃይል የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው፤ ስሙም የስልክ ፈልሳፊ ከሆነው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል የተወሰደ ነው። የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሲሆን መለኪያው በ10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጆሮ ግን ይህን የሚሰማው በግምት እንደ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ቢጮህ ከአንዱ ሰው በ17 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ለጆሮ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል እንጂ ሃምሳ እጥፍ አይሆንም። የአሬስ አሥር ሺህም 40 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ 16 እጥፍ ያህል። የስቴንቶር ትርፍ የሚታየው በቅርብ ሳይሆን በርቀት ነው። በገላጣ ሜዳ፣ ነፋስ ካልተቃወመ፣ ሃምሳ እጥፍ ኃይል ያለው ድምፅ ወደ ሰባት እጥፍ ርቀት ይደርሳል። የተራው ሰው ጥሪ 100 ሜትር ላይ የሚሰማ ቢሆን የስቴንቶር 700 ሜትር ላይ ይሰማል። ለጦር ሜዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። በግሪኮች ዘንድ አዋጅ ነጋሪ የተከበረ ሰው ነበር። በዜውስ ጥበቃ ሥር ስለሚቆጠር እርሱን መንካት ነውርም ኃጢአትም ነው። ጉባኤ ይጠራል፤ ተናጋሪውን በትር ያስይዛል፤ በትሩን የያዘ ብቻ ይናገራል። ደግሞም ዝም ያሰኛል። በ2ኛው ክፍል ሠራዊቱ ለጉባኤ ሲሰበሰብ ጫጫታውን ጸጥ ለማድረግ ዘጠኝ አዋጅ ነጋሪዎች ይጮኹ እንደ ነበር ተጽፏል። ስለዚህ የአዋጅ ነጋሪ ጉሮሮ ሁለት አገልግሎት ነበረው፤ የአለቃን ቃል ማሰማትና የሌላውን ድምፅ መዋጥ።

በዚያው ጉባኤ ላይ ሌላ ድምፀ ብዙ ሰው ይነሳል፤ ስሙ ቴርሲቴስ ነው። ሆሜር አይወደውም። እግሩን ያነከሰ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ ወደ ትሮይ ከመጡት ሁሉ መልከ ጥፉ አድርጎ ያቀርበዋል። ቴርሲቴስም በንጉሡ በአጋሜምኖን ላይ ይጮሃል፤ ድንኳንህ በነሐስና በምርኮ ሴቶች ሞልቶ ሳለ ምን ጎደለህ፣ እኛስ ለምን ወደ አገራችን አንመለስም ይላል። በግጥሙ 18 መስመር ያህል ይናገራል። ኦዲሴውስ ይነሣና ይዘልፈዋል፤ በያዘው በትርም ጀርባውን ይለዋል። ሰውየው ተቀምጦ እንባውን ሲጠርግ ሠራዊቱ ይስቃል። የሚያስገርመው ግን፣ የቴርሲቴስ አቤቱታ አኪሌስ በ1ኛው ክፍል በቁጣ ከተናገረው ብዙ የራቀ አለመሆኑ ነው። አኪሌስ የአምላክ ልጅ ስለ ሆነ በበትር የመታው የለም።

እንግሊዝኛ ሁለቱንም ሰዎች ወርሷል። ከስቴንቶር ያወጣው ቃል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ ምስጋናም አለበት። ከቴርሲቴስም «ተርሲቲካል» የሚል ቃል አውጥቷል፤ አፈ ጮሌና ተሳዳቢ ማለት ነው። ይህኛውን ትልልቅ መዝገበ ቃላት ካልሆኑ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሌላውን ቃል የሚጮኸው ተመሰገነ፣ የራሱን ቃል የሚጮኸው ተሰደበ። እኛ በበኩላችን ይህ ፍርድ በቋንቋው ውስጥ እንደ ቀረ እናምናለን፤ ከታች እንመለስበታለን።

ስቴንቶር ከግጥም ወጥቶ ወደ መንግሥት ጉዳይ የገባው በአሪስቶትል ጊዜ ነው። ይህ ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን «ፖለቲካ» በሚባለው መጽሐፉ በ7ኛው ክፍል ስለ ከተማ መጠን ያነሣል። ከተማ በጣም ከሰፋ መልካም ሥርዓት ሊኖረው አይችልም ይላል፤ የስቴንቶር ድምፅ ያለው ካልተገኘ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ማን አዋጅ ነጋሪ ይሆናል ሲልም ይጠይቃል። የአገር ስፋት በሰው ጉሮሮ መለካቱ ለጊዜው ያስቃል። ነገር ግን ወረቀት ውድ፣ ማንበብ የጥቂቶች በነበረበት ዘመን እውነት ነበር። ሕግ የሚደርሰው ድምፅ እስከሚደርስበት ነው፤ ያልሰማ ሰውን በሕጉ መቅጣትም አስቸጋሪ ነው።

አሪስቶትል ለጠየቀው ጥያቄ በእኛ አገር የተገኘውን መልስ ሽማግሌዎቻችን በልጅነታቸው ያዩት ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙት ይሆናል። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሰው ሥራውን ትቶ ይቆማል፤ አዋጅ ነጋሪውም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ የንጉሡን ወይም የገዢውን ቃል ያሰማል። ነጋሪት የሥልጣን ምልክት ስለ ነበረ ማንም እየተነሣ የሚመታው ከበሮ አልነበረም። የአዋጁ መግቢያ ሆኖ የኖረውን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ ይላል። በጥሞና ለሚያየው ትልቅ ብልሃት አለበት። የሃምሳ ሰው ደረት ያለው ነጋሪ መፈለግ ቀረና የሰማው ሁሉ ነጋሪ ሆነ። ከገበያው የተመለሰችው ባለ ጨው፣ አህያውን የሚነዳው ገበሬ፣ ለደብሩ የሚነግረው ቄስ፣ ሁሉም የአዋጁ ተሸካሚ ናቸው። ድምፅ በሰባት እጥፍ ርቀት ላይ ይደክማል፤ እንዲህ ያለው መንገድ ግን የሚደክመው ሰው ሲደክም ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል፤ በዚህም የተነሣ ስንት ሰው ያላሰበው ዕዳ ውስጥ እንደ ገባ መገመት አያዳግትም።

በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1942) የመንግሥት ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ከበሮው ወረቀት ሆነ፤ ስሙ ግን ከበሮ እንደ ሆነ ቀረ። ከ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1995) ወዲህም «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ ቀጥሏል። በገበያ የሚጎሰመው ነጋሪት የነበረው አንድ መልካም ነገር ፊደል የማይቆጥረውም እኩል መስማቱ ነበር።

አንድ ሰው ያለ ማሽን ስንት ሰው ሊያሰማ ይችላል? ይህን ለመለካት የሞከረ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1739 ጆርጅ ዋይትፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሰባኪ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፊላደልፊያ አደባባይ ይሰብክ ነበር። ሊሰሙት ከቆሙት አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ፍራንክሊን ስለ ስብከቱ ብዙም ሳይጨነቅ ድምፁ እስከሚጠፋው ድረስ በመንገዱ ላይ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያም ያንን ርቀት የግማሽ ክብ ወርድ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ አድማጭ ሁለት ካሬ ጫማ ቦታ ሰጥቶ አሰላው፤ ከሠላሳ ሺህ ሰው በላይ ሊሰማው እንደሚችል አገኘ። ጥንት የጦር አለቆች ለብዙ ሠራዊት ተናገሩ የሚለውን ታሪክ ይጠራጠር እንደ ነበርና ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳመነው በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ሁለት ካሬ ጫማ ለአንድ ሰው ጥብብ ያለች ቦታ ናት፤ በራሽን ሰልፍ የቆመ ሰው ግን ፍራንክሊን አላጋነነም ይላል።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ድምፅ ከሰው ደረት መውጣት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1671 ሳሙኤል ሞርላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ብልሃት የመናገሪያ ጡሩምባ ሠርቶ ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ። መሣሪያውን «ቱባ ስቴንቶሮፎኒካ» አለው፤ የስቴንቶር ድምፅ ያለው ጡሩምባ ማለት ነው። አታናሲየስ ኪርቸር የተባለ ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን መነኩሴ ግን እኔ ቀድሜ ሠርቼዋለሁ ብሎ ተከራከረው። ማንም ይቅደም ማን፣ ከዚያ በኋላ ስቴንቶር የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የዕቃ ስም ሆነ፤ በመርከብ ላይም እንዲህ ያለ ጡሩምባ ለብዙ ዘመን አገለገለ።

የኤሌክትሪኩ ዘመን ሲመጣ ነገሩ ተፋጠነ። እ.ኤ.አ. በ1915 በገና ዋዜማ ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም የተባሉ ሁለት ሰዎች በሳን ፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለተሰበሰበ ታላቅ ሕዝብ በድምፅ ማጉያ ንግግርና ዘፈን አሰሙ። የማጉያቸውንም ስም «ማግናቮክስ» አሉት፤ በላቲን ታላቅ ድምፅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ፕሬዚዳንት ዊልሰን በሳን ዲዬጎ ስታዲየም ለ50,000 ያህል ሰው የተናገሩት በዚሁ መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፍተኛ ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ መሆኑ ቀረ። በከተሞቻችን ድምፅ ማጉያውን «ሞንታርቦ» ብለን የምንጠራው ከጣልያን ፋብሪካ ስም ወስደን ነው፤ ግሪኮች የሰውን ስም ለድምፅ እንዳወረሱ እኛም የፋብሪካውን አወረስን። ዛሬ ጉሮሮው ቢዘጋም፣ ንግግር ባይሆንለትም፣ ባትሪ ያለው ሁሉ ስቴንቶር ነው። በካምፕ ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በምዝገባ ቀን የሚጠራውን ቁጥር ሁሉም ይሰማል፤ ከሰልፉ ውስጥ የሚመለሰውን ድምፅ ግን ከጎኑ ያለው ብቻ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ወደ አጠቃቀሙ እንመለስ፤ ለፈተናም ለደብዳቤም የሚጠቅመው ይህ ነውና። «ስቴንቶሪያን» በዋነኛነት ለሰው ድምፅ የሚነገር ነው። ስለ ሞተር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መድፍ አይነገርም። ለእነዚያ «ዲፈኒንግ» አለ፤ ይህም የተሠራው ልክ እንደ እኛው «አደንቋሪ» ነው፤ የሚያደነቁር ማለት ነው። እንግሊዞች ዝምታን እንኳ ዲፈኒንግ ይሉታል፤ መልስ ከሚጠበቅበት ሰው መልስ ሲጠፋ። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባን «ቮሲፈረስ» የሚባለው ነው። እርሱም ጩኸታም ማለት ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን «ቮክስ» ድምፅ፣ «ፌሬ» መሸከም ነው፤ በቀጥታ ቢተረጎም ድምፅ ተሸካሚ ይሆናል። ይህ የአዋጅ ነጋሪ ሥራ ነው! ሆኖም በጋዜጣ ላይ ቮሲፈረስ የሚባሉት ብዙ ጊዜ ተቃዋሚዎች፣ ሰልፈኞች፣ አቤት ባዮች ናቸው። ስቴንቶሪያን የሚባለውም የጦር መኮንን፣ የምክር ቤት ተናጋሪ፣ ሰባኪ ነው። ድምፅ መሸከም የሚለው ቃል ለሚያማርረው ተሰጠ፤ ከማቃሰት የወጣው ቃል ለሚያዘው ተሰጠ። ሁለቱ ሰዎች እኩል ቢጮኹ እንኳ ቃሉ የሚመረጠው በዴሲቤል አይደለም፤ በቆሙበት ቦታ ነው። ስለ ስደተኛ የሚጻፉትን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የምታነቡ በዚህ ዓይን እንድታዩአቸው እንለምናለን። በበሩ ፊት የተሰበሰበው ሕዝብ «ክላመረስ» ነው፤ ተንጫጪ ማለት ነው። በሩን የያዘው ሰው ግን ምንም ቢጮህ ተንጫጪ ሲባል አላነበብንም።

ለሴት ደግሞ ሌላ ቃል ያወጣሉ። ድምፀ ኃይለኛ ሴት «ሽሪል» ትባላለች፤ ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ማለት ነው። ስቴንቶሪያን የተባለች ሴት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እምብዛም አትገኝም። ይህ ያስቃል፤ በኢሊያድ ውስጥ ያንን ድምፅ ያወጣችው ሄራ ናትና።

በነገራችን ላይ ስቴንቶር የሚባል ሌላ ፍጥረትም አለ። በኩሬ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ አካሉ ከአንዲት ሴል ብቻ የተሠራ፣ ትልቁ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሚሆን ነው። ቅርጹ ጡሩምባ ስለሚመስል የተፈጥሮ ሊቃውንት በአዋጅ ነጋሪው ስም ጠሩት። ድምፅ የለውም።

ቃሉን በዓረፍተ ነገር ማስገባት ለሚፈልጉ ተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የመኮንን ምሳሌ መገልበጥ ግድ አይደለም። በጧት በቦኖው ዘንድ ጀሪካን ተደርድሮ፣ ሰልፉ ተረብሾ፣ ማጉያም ማይክሮፎንም በሌለበት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ ተራ የሚያስከብሩ እናት አሉ። ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የእርሳቸው ድምፅ ስቴንቶሪያን ነው ተብሎ ቢጻፍ ሰዋስዉም ትርጉሙም ትክክል ነው፤ አስተማሪ ቢያርመው ይህን ገጽ ያሳዩት።